ጋሽ ንጋቱ እና አንዲት ሙሉ ቱና

ጋሽ ንጋቱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከእንጀራ አቅራቢዬ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ስልኩን ዘግቼ «ማረፍ» የሚለው ቃል ለእሳቸው እንደማይሆን አሰብኩ። እኔ የማውቃቸው ጋሽ ንጋቱ ወንበር ላይ እንኳ አርፈው አያውቁም። ቁጭ ብለው እግራቸው ይሄዳል፤ አፋቸው ዝም ሲል ዓይናቸው ያወራል። «ቱና ከቆመች ትታፈናለች፤ ተኝታም ትዋኛለች» ይሉ ነበር፤ የቅርብ ዘመዱን ጠባይ እንደሚያወራ ሰው።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለኝ አቅራቢዬ።

«የቱናው ሽማግሌ።»

«ውይ!» አለና የተጨቃጨቅንበትን ነገር እንዳለ ተወልኝ። ሞተውም ጠቀሙኝ ማለት ነው።

ሱቄ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ጤፍ፣ እንጀራ፣ የቆርቆሮ ቱና። ቱናው እዚያ መሀል ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ሰው ዘንድ በጾም ዓሣ የሚበላና የማይበላ የሚባል ሁለት ወገን አለ። የሚበላው የማይበላውን «አክራሪ» ይለዋል። የማይበላው የሚበላውን ምንም አይለውም፤ ዝም ብሎ ያየዋል፤ እሱ ይብሳል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፤ የሁለቱም ባለሱቅ ነኝ። ሽሮውን በአንድ በኩል፣ ቱናውን በሌላ በኩል ደርድሬ፣ በመካከላቸው ሳሙና አስገብቼ በሰላም እኖር ነበር።

ጋሽ ንጋቱ መጀመሪያ የመጡት ለሳሙናው ነው። ነርስ የሆነችው ልጃቸው ሕይወት በፋሚሊ ፕሮሰስ አስመጥታቸው አሌክሳንድሪያ አፓርትመንቷ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ያን ቀን እሷ በርበሬ ስትመርጥ እሳቸው ከሳሙናው ወደ ቱናው ተሻገሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ አንድ ቆርቆሮ አንስተው አገላበጡና ብቻቸውን ሳቁ።

«ምን አሳቀዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«አጥንቷን አውጥተው ጥለዋታል። ደብዳቤውን ጥሎ ፖስታውን እንደመሸጥ ነው።»

አጠገባቸው የቆመች ደንበኛዬ ጣልቃ ገባች። «አባባ፣ ለመሆኑ የጾም ናት ይላሉ?»

«እሱን ቄሱን ጠይቂ የኔ ልጅ። እኔ የማውቀው ሰው ይቺን ዓሣ መብላት የጀመረው ጾም የሚባል ነገር ሳይታወቅ መሆኑን ነው።» ቆርቆሮውን እንደ ማይክ ያዙት። «ቲሞር የምትባል ደሴት አለች፤ ከአውስትራሊያ በላይ። እዚያ አንድ ዋሻ ውስጥ ሲቆፈር የቱና አጥንት ወጣ። ዕድሜው ከአርባ ሺህ ዓመት በላይ።»

«ታዲያ ምን ይገርማል? ሰው ዓሣ ይበላል።»

«ይበላል! ግን የትኛዋን? ሐይቅ ዳር የምትንፏቀቀውን በነጠላም ትይዣታለሽ። ቱና የጥልቅ ባሕር ፈረስ ናት፤ ዳር ቆሞ የሚጠብቃትን አትጠብቀውም። እሷን ለመያዝ ታንኳ ያስፈልጋል፣ ገመድ ያስፈልጋል፣ የሚተማመኑ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ታንኳው በሰበሰ። ገመዱ በሰበሰ። ሰዎቹም በሰበሱ። አንዲት የጀርባ አጥንት ቀረች። እኔ ግን አጥንቷን ሳይ ታንኳው ይታየኛል።»

ሴትየዋ ቆርቆሮውን ከእጃቸው ተቀብላ ቅርጫቷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ተመልሳ ሌላ ጨመረች።

እሳቸው ታንኳ እንደታያቸው ለእኔም አንድ ነገር ታየኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማ ገዝቼ ከቱናው መደርደሪያ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሕይወት ወደ ሥራ ስትሄድ እሳቸውን ታወርድልኛለች፣ ስትመለስ ትወስዳቸዋለች። እሷ ጥሩ ሰው ያግዘኛል ብላ ታመሰግነኛለች፤ እኔ ዝም እላለሁ፤ ቱናው ይሸጣል።

አዲስ አበባ ሳሉ ሥራቸው ሙዚየም ውስጥ የእንስሳት አጥንት መለየት ነበር። አርኪዮሎጂስቶቹ ቆፍረው በጆንያ ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ይቺ የበግ ትከሻ ናት፣ ይቺ የበሬ ቁርጭምጭሚት ናት እያሉ ይለዩታል። ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ፣ ፍየል፣ በሬ፤ በግ፣ ፍየል፣ በሬ። አንድ ቀን ታዲያ የውጭ መጽሔት ላይ ስለ ቱና አጥንት አነበቡ። «በስተርጅና የፍቅር በሽታ ያዘኝ» ይላሉ፣ ዓይናቸውን በልጅነት ጥፋት ላይ እንደተያዘ ሰው እያንከባለሉ።

ከበርጩማው ላይ የማይነግሩን አልነበረም። ከዛጎል ተቀርጸው ስለተገኙ መንጠቆዎች ይነግሩናል። ሜዲትራኒያን ላይ በጸደይ የምታልፈውን ቱና መንገዷን ያጠኑ ሰዎች መረብ ዘርግተው ወደ ወጥመድ እየነዱ እንዴት እንደሚያግቷት በእጃቸው ያሳያሉ፤ አንድ ጊዜ ሲያሳዩ የምስር ክምር ናዱብኝ። ሮማውያን ደቡብ ስፔን ባሕር ዳር ከድንጋይ የሠሯቸው የጨው ገንዳዎች ዛሬም እንዳሉ፣ ቱናዋ እዚያ ተከትፋ በጨው ታሽታ በሸክላ እንስራ እየታሸገች በመርከብ ትሄድ እንደነበር ይነግሩናል። የእንስራው ስባሪ አለ፣ ገንዳው አለ፣ አጥንቱ አለ። እኔ ምን አለሽ ተራ የተማርኩ ሰው ነኝና ከሁሉ የወደድኳቸው ፊንቄያውያንን ነው። ካዲዝ በተባለች ከተማቸው ገንዘባቸው ላይ የቱና ሥዕል አትመው ነበር። ንጉሥ ሳይሆን ዓሣ! የሚያበላቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው አልኩ።

አንድ ክፉ አመል ነበራቸው፤ አይዋሹም። አንድ ቅዳሜ ለአንዱ ደንበኛ ሃምሳ ሺህ ዓመት አልኩት። ከበርጩማው ላይ ድምፅ መጣ።

«አትጨምር!»

«ጋሼ፣ ትንሽ ብናጠጋጋው ምን አለበት?»

«ወደ ታች አጠጋጋ። ደግሞ እነዚያ ዓሦች ትንንሽ ነበሩ፤ ትንንሾቹ ወደ ዳር ሊጠጉ ይችላሉ፣ ጥልቅ ባሕር ድረስ መሄድ ላያስፈልግ ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ይህንንም ንገረው።»

«ይህን ከነገርኩት አይገዛም።»

«አይግዛ!»

ሰውየው ሳይገዛ ሄደ። ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን አውርደው በእርካታ ጠረጉ።

ከዚህ አመላቸው የተነሳ ነው የጀርመንታውኑ ነገር የመጣው። እትዬ አስካለ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ለማኅበር፣ ለክርስትና፣ ለተስካር፣ እሳቸው ከየት እንግዛ ካሉ ከዚያ ይገዛል፤ ስለዚህ እኔ በእትዬ አስካለ ፊት ሁሌ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው። ለገና ጀርመንታውን ቤታቸው ሲጠሩኝ ጋሽ ንጋቱን ይዤ ሄድኩ። ያንን ባላደርግ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዶሮ ወጡ መጣ። ተበላ። ጋሽ ንጋቱ ሳህን ላነሳ ብለው ተነሡ፤ ትሑት ሽማግሌ ተባሉ። ማእድ ቤት ሲገቡ ከየሳህኑ አጥንቱን ለቅመው ናፕኪን ላይ ደረደሩት። ተመልሰው መጥተው፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ በአድናቆት ዓይነት ድምፅ፣ «እትዬ አስካለ፣ የዚህች ዶሮ አፈጣጠር ይገርማል» አሉ።

«እንዴት?»

«ደረት የላትም፣ ክንፍ የላትም፣ ፈረሰኛ የላትም። እግር ብቻ ናት። እስካሁን አምስት የግራ እግር ቆጥሬላታለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለማያውቅ፣ የዶሮ ወጥ ዶሮ በሥርዓቱ በአሥራ ሁለት ብልት ነው የሚወጣው፤ የሴት ሙያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። እዚህ አገር ግን ሁላችንም እንደምናውቀው እግሩ ብቻውን በፓኬት ይሸጣል። ሁሉ ሰው ይገዛል፤ ማንም አይናገርም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም «የእትዬ አስካለ ባለ ብዙ እግሯ ዶሮ» ተረት ሆነች። እትዬ አስካለ አልተቆጡም። ፈገግ አሉ። እኔ ፈገግታቸውን አይቼ ኮቴን ፍለጋ ተነሣሁ።

አሁን የጋሽ ንጋቱን ምኞት ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሁሉ ነገር የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። አንዲት ሙሉ የቱና አጽም መገጣጠም ይፈልጉ ነበር። ከራስ ቅሏ እስከ ጅራቷ፣ ሁሉም አጥንት በቦታው። «ከዋሻ የወጣችን ስባሪ የምታውቀው ሙሉዋን ስታውቅ ነው» ይሉኛል። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስባሪ ነው ያየሁት። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙሉ ነገር ልይ።»

ሙሉ ነገር ለማየት ሥጋው ከአጥንቱ መላቀቅ አለበት፤ ሥጋው የሚላቀቀው ቀስ ብሎ ሲቀቀል ነው። ጋሽ ንጋቱ ለሙከራ የቱና ጭንቅላት አምጥተው ልጃቸው አፓርትመንት ውስጥ፣ በልጃቸው ድስት ጣዱት። ፎቁ በሙሉ ሸተተ። ፋየር አላርሙ ጮኸ። ማኔጅመንቱ ዋርኒንግ ሰጠ፤ ሁለተኛ ቢደገም ሊዙ፣ የኪራይ ውሏ፣ አይታደስም ተባለች። ሕይወት አላለቀሰችም፤ ነርስ ናት።

«አባዬ፣ ሴሪየስሊ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ስለ ዓሣ ኮምፕሌይን ከሰማሁ ሚኒያፖሊስ ወንድሜ ጋ ነው የምልክህ» አለቻቸው።

ወንድሟ ጥሩ ልጅ ነው። ግን ቀን ሙሉ ሥራ፣ ውጭ በረዶ፣ ውስጥ ቲቪ። በርጩማ የለ፣ የሚከራከር ደንበኛ የለ፣ ባሕር በብዙ ቀን መንገድ የለ። ጋሽ ንጋቱ ይህን የነገሩኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው፤ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳላቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ቀና አሉና፣ «ከሱቅህ ጀርባ ምድጃ አለህ አይደል?» አሉ።

«የለኝም።»

«ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ስትቀምስ አይቼሃለሁ።»

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ዓሣዋ የምትመጣው በቅበላው ሳምንት ነው፤ ሰው ሁሉ ሥጋ ሲያበዛ የዓሣ ሽታ ማንም አያስተውልም፤ ሁዳዴ ሳይገባ ሁሉ ነገር ያልቃል። ሥጋውን ጎረቤቴ ያለው የሳልቫዶር ምግብ ቤት ሊወስደው እሺ አለ፤ በሥጋው ዋጋ ዓሣዋ ወጪዋን ቻለች። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ሳይንስ ብዬ አልከስርም።

ዋሽንግተን ወንዝ ዳር ያለው ዓሣ ሻጭ ለዓርብ ቃል ገባ። ዓርብ ደወለ፤ ባሕሩ ተናውጧል፣ ጀልባ አልወጣም። ቅዳሜም አልወጣም። እሑድም። ቱናዋ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነው፤ የሁዳዴ የመጀመሪያ ቀን። ቁመቷ ደረቴ ድረስ ነው፤ ጎኗ እንደ ታጠበ መኪና ያብለጨልጫል።

«መልሳት» አልኩት ሻጩን። ጋሽ ንጋቱ ግን ቀድመውኝ አቅፈዋት ወደ ጓዳ እየገቡ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ሱቁ በጾመኛ ተሞላ። ሽሮ የሚገዛ፣ የኑግ ዘይት የሚገዛ፣ ምስር የሚገዛ። ከጓዳው ሽታው ቀስ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ አንዷ አፍንጫዋን ሰበሰበች። ከዚያ አንዱ የሽሮውን ከረጢት ከፍቶ አሸተተ።

«ጌቱ፣ ይሄ ሽሮ ምን ገብቶበታል?»

«ምንም።»

«ዓሣ ዓሣ ይላል እኮ።»

ይህ እንግዲህ የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ጓዳ ውስጥ ዓሣ እየተቀቀለ ነው» ይላል። የእኛ ጾመኛ ግን ጥርጣሬው የሚጀምረው ከሚጎርሰው ነገር ነው። ሽሮው ተጠረጠረ፣ ከሽሮው ምስሩ፣ ከምስሩ እንጀራው። በቁሜ ሱቄ ሲረክስ አየሁት። ነጭ ሽንኩርት ልጥበስና ልሸፍነው ብዬ ወደ ጓዳ ስዞር በሩ ተከፈተና እትዬ አስካለ ገቡ።

ቆሙ። አንድ ጊዜ አሸተቱ። ማንንም ሳይጠይቁ፣ ሽሮውን ሳያዩ፣ በባንኮኒው በኩል አልፈው በቀጥታ ጓዳ ገቡ። ተከተልኳቸው።

ጋሽ ንጋቱ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የቱናዋን ራስ ከድስቱ በጭልፋ እያወጡ፣ የጀርባ አጥንቷን በሙሉ ትሪ ላይ ዘርግተው ነበር። ቀና ሲሉ ከእትዬ አስካለ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«እንደምን ዋሉ?» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

«በሁዳዴ!» አሉ እትዬ አስካለ።

«ምግብ አይደለም፤ ጥናት ነው። አልቀመስኩም። ከፈለጉ አፌን ያሽትቱ።»

«አፍዎንማ ከገና ጀምሮ አውቀዋለሁ።» እትዬ አስካለ ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። «የሕይወት ስልክ አለኝ። ዋርኒንጉንም ሰምቻለሁ። ሚኒያፖሊስ ብርድ ነው ይላሉ።»

ጋሽ ንጋቱ ጭልፋውን አስቀመጡ። 

«ምን ይፈልጋሉ?» አሉ።

«እሑድ ቤቴ ማኅበር አለ። ይመጣሉ። በሴቶቹ ሁሉ ፊት ዶሮዬ እንደ ማንኛዋም ዶሮ ሁለት እግር እንደነበራት ይመሰክራሉ። ከዚያ በኋላ ዓሣዎን ከፈለጉ ያግቡት።»

«እትዬ አስካለ፣ እኔ አጥንት ላይ ዋሽቼ አላውቅም።»

«ጥሩ አጋጣሚ ነው» አሉና ወጡ። ሲወጡ ሽሮ ገዙ። በዚያች ሽሮ ሱቄ ተረፈ፤ እትዬ አስካለ የገዙትን ሽሮ ማን ያማል? ግን ደግሞ ገብቶኛል፤ እኔንም ገዝተውኛል።

እሑድ በ270 አውራ ጎዳና ወደ ጀርመንታውን ስንሄድ ጋሽ ንጋቱ መስኮቱን ይመለከታሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት እግር ነበራት ይበሉና እንገላገል። ዶሮ እኮ ናት።»

«ዛሬ ለዶሮ ከዋሸሁ ነገ ስለ ቱናዋ የምነግርህን በምን ታምናለህ?»

«እኔ አምናለሁ።»

«አንተ ነጋዴ ነህ፤ የሚያዋጣህን ታምናለህ። ለመሆኑ ስትመዝን አውራ ጣትህን ሚዛኑ ላይ ታሳርፋለህ?»

«በፍጹም!»

«አልፎ አልፎስ?»

መንገዱን ተመለከትኩ። ትራፊክ ነበር።

ቤቱ በነጠላ ሞልቶ ነበር። የጾም በያይነቱ ተበላ፣ ዳቦው ተቆረሰ። እትዬ አስካለ በሹካ ብርጭቆ መቱ። «ጋሽ ንጋቱ የሚናገሩት አላቸው» አሉና ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጋሽ ንጋቱ ተነሡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፣ መልሰው አወረዱ።

«በገና ዕለት እዚህ ቤት አምስት የግራ እግር ቆጥሬ ነበር» አሉ። የታፈነ ሳቅ ተሰማ። «ሰው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ። ግን ያልኩትን ማንም አልሰማኝም፤ ጥፋቱም የኔ ነው፣ አላስረዳሁም። በእኛ ሙያ አንድ ዋሻ ውስጥ አምስት የግራ እግር ከተገኘ ባለ አምስት እግር እንስሳ ነበር አንልም። ቢያንስ አምስት እንስሳ ታርዷል እንላለን። ዋሻ ውስጥ የቱና አጥንት የምንቆጥረውም እንዲሁ ነው። እናንተ አንዲት ዶሮ ለአርባ ሰው ታዳርሳላችሁ። እኔ እዚህ ቤት ያየሁት በትንሹ አምስት ዶሮ ነው። አጥንቱ የሚለው ይህን ነው፤ እኔም የምመሰክረው ይህን ነው።»

 ከዚያ አንዷ፣ «አምስት ዶሮ! አስካለ፣ በአንድ ድስት?» አለች። ሌላዋ «እሷ መቼ ትሳሳለች» አለች። እትዬ አስካለ ትከሻቸው ሲላላ፣ ስልካቸው ወደ ቦርሳው ሲሄድ አየሁ። ዳንን አልኩ። ጋሽ ንጋቱን ለማስቀመጥ ኮታቸውን ሳብ አደረግሁ።

አልተቀመጡም።

«አንድ ነገር ብቻ እንቆቅልሽ ሆኖብኛል» አሉ። «የአምስቱ ዶሮ አሥር ክንፍ የት ገባ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሚኒያፖሊስ ታየኝ።

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ተነሡ። ስልካቸው ተመልሶ እጃቸው ላይ ነው።

«ክንፉን ነው የሚጠይቁት?» አሉ። «ወጥ ሳወጣ እየቀመስኩ እኔው በላሁት። አሥሩንም። አጥንቱንም ሳይቀር ቆርጥሜዋለሁ።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ንጋቱ ዞረ። አምስት ዶሮ እንዳልታረደ፣ አንዲት ሴት አሥር ክንፍ ከነአጥንቱ እንደማትቆረጥም በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ጋሽ ንጋቱ መነጽራቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«አጥንቱ የለም?»

«የለም።»

«አጥንት ከሌለ ማስረጃ የለም። ማስረጃ ከሌለ አልከራከርም» አሉና እጅ ነሥተው ተቀመጡ።

እንደዚያ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም። እትዬ አስካለ ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወንበር ፍለጋ እጃቸውን ዘረጉ። ሳቁ ሳይበርድ ግን ደወሉ፤ ስፒከር ላይ አደረጉት።

«አንቲ? ኢዝ ሂ ኦኬ? አባዬ ምን ሆነ?» የሕይወት ድምፅ ነው፤ ከጀርባዋ የሆስፒታል ማሽን ይጮኻል።

ሴቶቹ ወደ ስልኩ ተጠጉ። 

«ምንም አልሆኑ። እኔ ቤት ናቸው» አሉ እትዬ አስካለ። «ዓሣም እየቀቀሉ ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ።»

«ስሚኝ። ባዶ ጋራዥ አለኝ። እዚህ ጀርመንታውን ጎረቤቴ ሩቅ ነው፣ ሽታውን ነፋስ ይወስደዋል። ዓሣውን እዚያ ይሥሩት።»

«አንቲ፣ ሱቅ ውስጥ መቀቀሉን ሰው ነግሮኝ ለፋሲካ ማግስት የሚኒያፖሊስ ትኬቱን ቆርጬዋለሁ እኮ። ሂ ካንት ኪፕ ዱዊንግ ዚስ። ሰው እያስቸገረ።»

«ማንን? እኔን ነው ያስቸገሩት። እኔም እያየኋቸው ይሻላል፤ ሳላያቸው ምን እንደሚናገሩ አውቃለሁ።»

ሕይወት ተነፈሰች። «እንጃ። ትኬቱን አልመልስም» አለችና ዘጋችው።

እንግዲህ እስከ ፋሲካ ማግስት ነበር ጊዜው። እትዬ አስካለ መኪናቸውን ውጭ በረዶ ላይ አቆሙ፤ ጋራዡ የቱና ሆነ። እሑድ እሑድ እኔ አደርሳቸዋለሁ። አጥንቱ በሳሙና ውኃ ተዘፈዘፈ፣ ታጠበ፣ ጥላ ላይ ደረቀ። የራስ ቅሏ ብቻውን በየትኛው በኩል እንደሚገጥም የማይታወቅ የስባሪ ክምር ሆነ፤ ጋሽ ንጋቱ በሕይወታቸው እንደዚያ ተሳድበው አያውቁም፤ ያውም በጾም። እትዬ አስካለ በር ላይ ሆነው ያዩና፣ «ይቺ እንኳ ከዚያች ጋር ትሄዳለች» ይላሉ። «አትሄድም!» ይላሉ ጋሽ ንጋቱ። ሲሞክሯት አንዳንዴ ትሄዳለች፣ አንዳንዴ አትሄድም፤ ስትሄድ እትዬ አስካለ ምንም ሳይሉ ሻይ ያመጣሉ፤ ያ ዝምታ ለጋሽ ንጋቱ ከስድብ ይብሳል። የማኅበሩ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። አንዷ የሽመና ክር አመጣች፣ አንዷ ሽቦ። በጾም ዓሣ የሚበላውና የማይበላው ወገን በአንድ ዓሣ ዙሪያ ቆሞ ያየሁት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ብቻ ነው፤ የሚበላ ነገር ስላልነበረባት ይሆናል።

የፋሲካ ማግስት ሕይወት መጣች። ሻንጣውን ራሷ አዘጋጅታ መኪናዋ ውስጥ ጭናዋለች። ሞተሩን ሳታጠፋ፣ መብራቱ እንደበራ፣ ቁልፉን መኪናው ውስጥ ትታ ነው የገባችው።

«አባዬ፣ ፍላይቱ አያመልጠን፣ ሌትስ ጎ» እያለች በጋራዡ በር ገባችና ቆመች።

ቱናዋ ከጣሪያው በቀጭን ክር ተንጠልጥላ ነበር። ራሷ ወደ በሩ፣ ጅራቷ ወደ መደርደሪያው። የጀርባ አጥንቷ አንድም ሳይጎድል በቀጥታ ይሄዳል። በሩ ሲከፈት የገባው ነፋስ ቀስ ብሎ አወዛወዛት፤ የምትዋኝ ይመስላል።

ጋሽ ንጋቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ለመሄድ ተዘጋጅተው ነበር የቆሙት። ልጃቸውን አዩ፣ ዓሣዋን አዩ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ» አሉ። «ቲሞር የምትባል ደሴት አለች።»

«አባዬ…»

«እዚያ አንድ ዋሻ አለ።»

ሕይወት እጆቿን አጣምራ ቆመች። ከዋሻው ወጡ፣ ታንኳ ሠሩ፣ ከዛጎል መንጠቆ ቀረጹ፤ ትንንሾቹ ወደ ዳር ሊጠጉ ይችላሉ የሚለውንም አልዘለሉም። ሕይወት አንዴ ሰዓቷን አየች። ከዚያ አንድ እጇን አንሥታ በጣቷ ጫፍ የቱናዋን ጎድን ነካች፤ እንደ ነርስ፣ እንዳያማት። ጋሽ ንጋቱ አላዩዋትም፤ መረባቸውን ዘርግተው ዓሣ እየነዱ ነበር።

ፊንቄያውያን ጋ ሲደርሱ ሕይወት ፊቷን ከአባቷ ሳታነሣ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ጋሽ ጌቱ፣ ፕሊስ፣» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ሞተሩን አጥፋልኝ።»